የጣና ታንኳ ሠሪዎች ፊልም ከየት ገንዘብ ያገኛል? ለአንድ ዘጋቢ ፊልም ሠሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት በጣና ዳርቻ ደንገል እያጨዱ ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባትንና የዐሥራ አራት ዓመት ልጃቸውን በራሴ ካሜራ ስቀርጽ ቆይቻለሁ። አርባ ሰዓት ያህል ቀረጻ አለኝ፤ ኩባንያም ሆነ ንግድ ፈቃድ ግን የለኝም። ለማጠናቀቂያ የሚሆን ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች የትኞቹ ናቸው? የውጭው ገንዘብ ደርቋል የሚባለውስ እውነት ነው? ማመልከቻውን ጽፎ ገንዘቡን እንደሚያስገኝልኝ ቃል የገባልኝ ሰው ደግሞ ከሚገኘው ዐሥር በመቶ፣ ከዚያም በፊት የሥራ ማስጀመሪያ ክፍያ ጠይቆኛል። ልስማማ?»

ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የፈንዶችን ስም ደርድሮ ይሰናበታል። እኔም ስሞቹን ከታች እጠቅሳለሁ፤ ነገር ግን ዝርዝር ብቻውን ለጠያቂው ብዙም አይፈይድም፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ የዘጋቢ ፊልም ድጋፍ ሰጪዎች ብዙ ቢሆኑም፣ ለአንድ ፊልም በአንድ ወቅት በራቸው በእርግጥ ክፍት የሚሆነው ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ነው። እነዚያን ለይቶ ለማወቅ አስቀድሞ ሁለት ነገር ቁርጥ ብሎ መታወቅ አለበት፤ አንደኛው ፊልሙ ያለበት ደረጃ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ውሉ በማን ስም ተፈርሞ ገንዘቡ በማን ሒሳብ እንደሚገባ ነው። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በፊልሙ ድክመት ሳይሆን ከእነዚህ በአንዱ ነው፤ ገምጋሚዎቹ ፊልሙን ለማየት እንኳ ሳይደርሱ ማለት ነው።

ከደረጃው ልጀምር። ጠያቂው የፈለጉት የማጠናቀቂያ ድጋፍ ነው። ድጋፍ ሰጪዎች ግን ለዚህ ደረጃ የሚያስቡት ዋናው ቀረጻ ያለቀለትን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሻካራውም ቢሆን የተቀናበረ ቅጂ ያለውን፣ ራፍ ከት የሚባለው በእጁ የሆነውን ፊልም ነው፤ የሚቀረው የመጨረሻው ኤዲቲንግ፣ የድምፅ ሚክሲንግ፣ የቀለም ሥራ፣ ሙዚቃና ሰብታይትል ብቻ ሲሆን ማለት ነው። አርባ ሰዓት ቀረጻ በሃርድ ዲስክ ላይ መኖሩ ብቻውን ፊልሙን እዚህ ደረጃ አያደርሰውም። ከጥያቄው እንደምረዳው ገና የተቀናበረ ነገር የለም፤ ስለዚህ ፊልሙ ያለው በዝግጅት፣ ማለትም ዴቨሎፕመንት በሚባለው ደረጃ መጨረሻ ላይ፣ ወይም በቀረጻ መካከል ነው። ይህ መጥፎ ዜና አይደለም። የዝግጅት ድጋፍ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ለጀማሪ ከሁሉም የቀረበው እርሱ ነው፤ የሚጠይቀውም የተጠናቀቀ ፊልም ሳይሆን ጥሩ የናሙና ቀረጻ፣ ግልጽ ጽሑፍና አሳማኝ የሥራ ዕቅድ ነው። ከዚህም በላይ አንድ ትንሽ የታወቀ ድጋፍ ያገኘ ፊልም ሁለተኛውን ለማግኘት ይቀለዋል፤ ገምጋሚዎች ሌላ ሰው አስቀድሞ አምኖበት እንደሆነ ማየት ይወዳሉና። ልማዱ ፍትሐዊ ነው ባይባልም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ። የመጀመሪያው የፊልም ፈንድ እንኳ አይደለም። በአምስተርዳም የሚገኘው የፕሪንስ ክላውስ ፈንድ «ሲድ አዋርድስ» በሚለው መርሐ ግብሩ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሙያቸው የመጀመሪያ ዓመታት ላይ ላሉ አርቲስቶች ለእያንዳንዳቸው 5,000 ዩሮ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በአንድ ዙር መቶ ሰው ይመረጣል። ገንዘቡ የሚሰጠው ለግለሰብ ነው እንጂ ለኩባንያ አይደለም፤ ፊልም ሠሪዎችም ይካተታሉ። ኩባንያ ለሌለው ጠያቂ ከማንም በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው።

ሁለተኛው በናይሮቢ የሚገኘው ዶኩቦክስ ነው። ኬንያዊቷ ፊልም ሠሪ ጁዲ ኪቢንጌ የመሠረቱት ይህ ፈንድ ለምሥራቅ አፍሪካ ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች የቆመ ሲሆን፣ ከገንዘቡ ባልተናነሰ በሥልጠናውና ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች ምክሩ ይታወቃል። የትኞቹ አገሮች እንደሚካተቱ በየጥሪው ስለሚገለጽ ያንን አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ለእኛ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል። የአውሮፓ ኤምባሲ በር ላይ የቆመ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

ሦስተኛውና በሙያው ውስጥ ትልቁን ስም ያተረፈው የኢድፋ በርታ ፈንድ ነው፤ ኢድፋ በአምስተርዳም የሚካሄድ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል ነው። ይህ ፈንድ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ በመጀመሪያ ያን ፍሬይማን ፈንድ በሚል ስም፣ ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከላቲን አሜሪካ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከምሥራቅ አውሮፓ አንዳንድ አገሮች ለሚመጡ ዘጋቢ ፊልሞች ድጋፍ ሲሰጥ የኖረ ነው። በአንድ በኩል የዝግጅት እንዲሁም የቀረጻና የድኅረ ቀረጻ ድጋፍ አለው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከአውሮፓ ፕሮዲዩሰር ጋር በጥምረት ለሚሠሩ ፊልሞች ለብቻው የተዘጋጀ መስኮት አለው። ጠያቂውን የሚመለከተው የመጀመሪያው ነው። ውድድሩ ብርቱ ስለሆነ ግን ጥሩ የተቀናበረ ናሙና ሳይዙ መላክ ዕድሉን ማባከን ነው፤ አንድ ጊዜ ውድቅ የተደረገ ፊልም በድጋሚ ሲቀርብ ምን እንደተለወጠ ማስረዳት ይጠበቅበታልና።

የአሜሪካው የሰንዳንስ ዘጋቢ ፊልም ፈንድም ከየትኛውም አገር የሚመጣን ፊልም ይቀበላል። መነሻው በ1996 (እ.ኤ.አ.) በሶሮስ ፋውንዴሽን ሥር ሲሆን በ2002 ወደ ሰንዳንስ ኢንስቲትዩት ተዛወረ። እዚያ የሚመረጠው ፊልም በአቀራረቡ፣ ማለትም ነገሩን በሚያይበት ዓይን፣ ከሌላው የተለየ ሲሆን ነው፤ በርዕሰ ጉዳዩ አሳሳቢነት ብቻ የሚገባ የለም። በቶሮንቶ የሆት ዶክስ ፌስቲቫል በ2011 ለአፍሪካውያን ዘጋቢ ፊልሞች ብሉ አይስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ያቋቋመው ፈንድም ለብዙ የአህጉሪቱ ፊልሞች መነሻ ሆኗል፤ ነገር ግን ፌስቲቫሉ ራሱ በ2024 ከባድ የገንዘብ ችግር ገጥሞት ሲኒማ ቤቱን ለወራት እስከ መዝጋት ደርሶ ስለነበር፣ ጥሪው መውጣት አለመውጣቱን ከድረ ገጹ ሳያረጋግጡ ዕቅድ ውስጥ ማስገባት አይገባም። ፊልሙ እምቦጭን የሚነካ ከሆነ ደግሞ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን የሆነው ዶክ ሶሳይቲ ለአየር ንብረት ታሪኮች ያቋቋመው ክላይሜት ስቶሪ ፈንድ መታየት ያለበት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ፈንዶች ገንዘባቸው ከፍ ያለ ቢሆንም የውጭ ሸሪክ ለሌለው ሰው ገና የሚሆኑ አይደሉም። የበርሊን ፌስቲቫል ወርልድ ሲኒማ ፈንድ፣ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው፣ ከጀርመን ኩባንያ ጋር መጣመርን ይፈልጋል። የፈረንሳዩ የዓለም ሲኒማ ድጋፍ ያለ ፈረንሳዊ አብሮ አዘጋጅ አይታሰብም። ከእንዲህ ያለ ጥምረት የሚመጣው ገንዘብ ከፊሉ እዚያው አውሮፓ፣ በድምፅና በቀለም ስቱዲዮዎች ላይ የሚውል እንደሆነ ከወዲሁ ማወቅ ይጠቅማል፤ በወረቀት ላይ የተጻፈው ትልቅ አኃዝ ባሕር ዳር የሚደርሰውን መጠን አያሳይም። የስዊዘርላንዱ ቪዥንስ ሱድ ኤስትም የአፍሪካ ዘጋቢ ፊልሞችን ይደግፋል። የዶሃ ፊልም ኢንስቲትዩት ግን ብዙ ወገኖቻችንን ያሳስታል፤ ለዐረቡ አካባቢ ሁሉንም ደረጃ የሚደግፍ ሲሆን፣ እንደ ኢትዮጵያ ላለ አገር የሚቀረው የመጀመሪያ ወይም ሁለተኛ ፊልማቸውን ለሚሠሩ ዳይሬክተሮች የሚሰጠው የድኅረ ቀረጻ ድጋፍ ነው። ቅርበቱን አይተው የዝግጅት ማመልከቻ የሚልኩ ሰዎች በከንቱ ይደክማሉ።

ገንዘቡ ደርቋል ወይ ለሚለው፣ በአሜሪካ በኩል እውነትነት አለው። ማኅበራዊ ፋይዳ ያላቸውን ፊልሞች በመደገፍ የታወቀው ፓርቲሲፓንት ኩባንያ በ2024 ኤፕሪል ተዘጋ። በ2025 ኤፕሪል የአገሪቱ ብሔራዊ የሰብአዊ ጥናት ፈንድ ለዘጋቢ ፊልሞች የሰጣቸውን ጨምሮ በርካታ ድጋፎችን ሰረዘ። በዚያው ዓመት ጁላይ ኮንግረስ ለሕዝብ ብሮድካስት ኮርፖሬሽን ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደ፤ ኮርፖሬሽኑም ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዚህ ገንዘብ ላይ ተመሥርቶ የቆየው አይ ቲ ቪ ኤስ የተባለው ተቋም የሚደግፈው የአሜሪካ ዜጎችንና ሕጋዊ ነዋሪዎችን ስለሆነ፣ ጉዳቱ በቀጥታ የሚያርፈው በዋሽንግተንም ሆነ በአትላንታ በሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ፊልም ሠሪዎች ላይ ነው። ለባሕር ዳሩ ጠያቂ ግን በተዘዋዋሪ ይደርሳል፤ እዚያ ያጡ ፊልም ሠሪዎች ለመላው ዓለም ክፍት ወደሆኑት ፈንዶች ዞረዋልና ሰልፉ ረዝሟል።

ከዚህ የበለጠ ቅርብ የሆነው ጉዳት ሌላ ነው። በአገራችን አብዛኛው ዘጋቢ ፊልም ሠሪ የሚኖረው ለግብረ ሰናይ ድርጅቶች በሚሠራው የፕሮጀክት ቪዲዮ ነው፤ የራሱን ፊልም የሚቀርጸውም በዚያ ገቢ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2025 ጃንዋሪ የውጭ ዕርዳታውን ካገደ ወዲህ ይህ ሥራ እጅግ ቀንሷል። የአውሮፓ ፈንዶች ግን አልተዘጉም፤ ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ መጥፋት ሳይሆን የመንገዱ መጥበብ ነው። በሐረር ጫትን መነሻ አድርጋ ፋያ ዳዪን የሠራችው ጄሲካ በሺር ፊልሟ በ2021 በሰንዳንስ እስኪታይ ድረስ ዐሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል፤ ያኔ ገንዘቡ ከአሁኑ ይሻል ነበር። የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ገንዘቡ በማን ስም ይግባ ወደሚለው ልለፍ፤ ምክንያቱም ጠያቂው ካነሷቸው ሁሉ ዛሬ ነገ ሳይባል መፍትሔ የሚሻው ይህ ነው። የዝግጅት ድጋፍ አንዳንዴ ለግለሰብ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተመዘገበ ኩባንያ ይፈልጋል። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ራስን መመዝገብ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ፣ እንደ ቀድሞው ለስም የሚሆን ሁለተኛ አባል መፈለግ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ገቢ ሳይኖር ግብርና ዓመታዊ እድሳት ይከተላል፤ ስለዚህ አንድ ድጋፍ በእጅ ሳይገባ ኩባንያ ማቋቋሙን አልመክርም። ሌላው መንገድ ፈቃድ ካለውና ከዚህ በፊት የውጭ ድጋፍ ተቀብሎ ሪፖርት ካቀረበ ፕሮዲዩሰር ጋር መሥራት ነው። ለመጀመሪያ ፊልም ይህኛው ይሻላል፤ ፕሮዲዩሰሩ በጀትና ውል ሲያውቅ ዳይሬክተሩ በፊልሙ ላይ ያተኩራል።

ብቻ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይሁን። በስምምነቱ ውስጥ እስካሁን የተቀረጸው የአርባ ሰዓት ጥሬ ቀረጻ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የመጨረሻው ኤዲቲንግ ውሳኔ የማን እንደሆነ፣ ድጋፉ ከየትኛው ባንክ በማን ፊርማ እንደሚወጣ፣ ከሽያጭ የሚገኘው እንዴት እንደሚከፈል፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ገንዘብ ካልተገኘ ደግሞ ጥምረቱ እንዴት እንደሚፈርስ በግልጽ ይጻፍ። የመጨረሻዋ ነጥብ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ በጓደኝነት የተጀመረ ፊልም ለዓመታት ታስሮ የሚቀረውም በእርሷ ምክንያት ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠሪውን መብት ያስከብራል፤ ነገር ግን በሁለት ሠሪዎች መካከል ማን ምን እንዳደረገ የሚያረጋግጠው ወረቀቱ ነው።

ስለ በጀቱ ጥቂት ልበል። በጀቱን በብር አስልቶ በመጨረሻ ወደ ዩሮ መቀየር በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ አደገኛም ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ከዚያ በፊት በብር የታሰበ የሃርድ ዲስክ፣ የሌንስና የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ ሁሉ ከንቱ ሆነ። ስለዚህ ከውጭ የሚገዛው በዩሮ፣ እዚህ የሚከፈለው በብር ተለይቶ ይሰላና የምንዛሪ ተመኑና የተሰላበት ቀን በበጀቱ ግርጌ ይጻፍ። ገንዘቡ በባንክ ሲመጣ ምንጩን ስለሚጠይቁ የተፈረመውን የድጋፍ ውል ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። ደግሞም የራስን ደመወዝ ባዶ መተው ቁጠባ አይመስልም፤ የአውሮፓ ገምጋሚ ዳይሬክተሩ ያለ ክፍያ እንደሚሠራ ሲያይ ፊልሙ እንደማያልቅ ይገምታል። ጥሬ ቀረጻው በሁለት ዲስክ ተገልብጦ በሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጥ፤ የዲስኩ ዋጋም በበጀት ይግባ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ናሙና ቀረጻውና ጽሑፉ ነው። እዚህ ላይ በአገራችን የሚታየው ችግር የችሎታ ሳይሆን የልማድ ነው። በፕሮጀክት ቪዲዮ የሠለጠነ እጅ በድሮን ይከፍታል፣ ከድሮኑ በላይ ሙዚቃ ያስገባል፣ ከዚያ ተራኪው ስለ ጣና ስፋትና ስለ ደሴቶቹ ይናገራል፣ ቀጥሎ አንድ የቢሮ ኃላፊ ቃለ መጠይቅ ይሰጣሉ፤ ታንኳ ሠሪው የሚታዩት በአራተኛው ደቂቃ ነው። ገምጋሚው በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ ፊልም አልፏል። ለዚህ ፊልም የሚበጀው ናሙና አምስት ደቂቃ ያህል የሆነ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ትዕይንት ያልበለጠ ነው። አባት የደንገሉን እስር በጉልበታቸው ጨቁነው ገመዱን ያጠብቃሉ፤ ካሜራው እጃቸው ላይ ይቆያል። ልጁ በሌላው ጫፍ ገመዱን ይዟል፣ ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ ነው፤ ገመዱ ይላላል። አባት ቀና ብለው ያዩታል፤ ምንም አይሉም፤ ገመዱን ከእጁ ወስደው ራሳቸው ያስሩታል። በዚህ ውስጥ ተራኪ የለም፤ ነገር ግን ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ የማይገባው ሰው አይኖርም። የጠያቂውን ቀረጻ ስላላየሁ ይህ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው፤ በአርባው ሰዓት ውስጥ ይህን የመሰለ ነገር ግን መኖሩ አይቀርም፤ ፍለጋው ከዚያ ይጀምር።

ጽሑፉም እንዲሁ ነው። «ይህ ፊልም የጣናን ውበት፣ የእምቦጭን አደጋና የአካባቢውን ማኅበረሰብ ባህል ለዓለም ያስተዋውቃል» የሚል ሎግላይን፣ ማለትም ፊልሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ለቱሪዝም ቢሮ ይሆናል፤ ለፊልም ፈንድ አይሆንም። በምትኩ «እምቦጭ ዳርቻውን እየዋጠ ሲመጣ ደንገል ፍለጋ በየጊዜው እየራቁ የሚሄዱ አባት ሙያቸውን ለአንድ ልጃቸው ለማስረከብ ይጥራሉ፤ ልጁ ግን በሐይቁ ላይ ወደፊት አይታየውም» ቢባል፣ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ፍላጎትና አንድ ያልታወቀ ፍጻሜ አሉት። እምቦጩ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሐይቁ ላይ መታየቱንና መስፋፋቱን መግለጽ ፊልሙን በዝርዝር በሚተርከው ጽሑፍ፣ በትሪትመንቱ ውስጥ፣ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። በእንግሊዝኛ የሚጻፈው በአጫጭርና ቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ መጀመሪያ በአማርኛ አስቦ ጨርሶ መጻፍ፣ ከዚያም ቋንቋውን በሚችል ሰው ማስተርጎም ከነውር አይቆጠርም።

ገምጋሚዎች በእርግጠኝነት የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ እርስዎ ለእነዚህ ሰዎች ማን ነዎት? በጣና ዙሪያ የታንኳ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ጋር የተያያዘ ነው፤ ማኅበረሰቡም ለረጅም ዘመን የተገፋ ነው። ጠያቂው ከዚያ ማኅበረሰብ ከሆኑ ይህን በመጀመሪያው ገጽ ይጻፉት፤ ካልሆኑ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ፣ ቤተሰቡ ከፊልሙ ምን እንደሚጠብቅና የተቀናበረውን ቀድሞ የማየት ዕድል እንዳለው ይግለጹ። ልጁ ለአካለ መጠን ያልደረሰ በመሆኑ የወላጆቹ የጽሑፍ ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ከእርሱ ጋርም በየጊዜው መነጋገር ይገባል፤ ዛሬ በዐሥራ አራት ዓመቱ የተናገረውን ነገ በሃያ ዓመቱ በስክሪን ላይ ያገኘዋልና። በክልሉ ካለው የጸጥታ ሁኔታ አንጻር የቀረጻ ቡድኑም ሆነ የተቀረጹት ሰዎች እንዴት እንደሚጠበቁ የሚያስረዳ ገጽ ይፈለጋል፤ ዶክ ሶሳይቲ ለዚህ ያዘጋጀው መመሪያ በነፃ ይገኛል። ድሮን ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ጠያቂው ያውቁታል ብዬ አልፈዋለሁ።

የጥሪዎችን ዜና ከየት ይከታተሉ? በቴሌግራም የሚዞረው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ያለፈ ወይም ቀኑ የተሳሳተ ነው። ከምንጩ፣ ማለትም ከየፈንዱ የኢሜይል ዜና መጽሔት መመዝገብ ይሻላል፤ በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የዘጋቢ ፊልም ማኅበርም የድጋፎችን ዝርዝር ይይዛል። የማብቂያው ሰዓት በአምስተርዳም እኩለ ሌሊት ሲባል በክረምታቸው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መሆኑን ያስቡ፤ ይሁን እንጂ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር በመጨረሻው ሌሊት ላይ መተማመን አይገባም፤ ቪዲዮው ከአንድ ሳምንት በፊት ተጭኖ ይደር። የፌስቲቫል ማመልከቻ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ካርድ መክፈል የማይችል ሰው የክፍያ ነፃ ኮድ በትሕትና በኢሜይል ቢጠይቅ ብዙዎቹ ይሰጣሉ። ለፒች፣ ማለትም ፊልሙን በድጋፍ ሰጪዎች ፊት ለማቅረብ፣ ወደ አውሮፓ ከተጋበዙ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ኤፕሪል ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ መደበኛ የውሳኔ ጊዜን ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ለማድረግ መወሰኑን ያስታውሱ፤ ኢድፋ የሚካሄደው በኖቬምበር ነውና የግብዣ ደብዳቤውን በሴፕቴምበር መጠየቅ ይገባል። በየዓመቱ ጁላይ የሚካሄደው የደርባን ፊልም ማርትም ቪዛ ይፈልጋል፤ ነገር ግን የአፍሪካ ፕሮዲዩሰሮችን በአንድ ቦታ ለማግኘት እርሱን የሚተካ ገበያ በቅርብ የለም።

በመጨረሻ ቅድሚያ ክፍያ ስለጠየቀው ሰው። አይስማሙ። ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደሩ ቅን ሰዎች አሉ፤ እነርሱ ግን ለሠሩት ሥራ የተወሰነ ዋጋ ይጠይቃሉ እንጂ ገንዘቡን እንደሚያስገኙ ቃል አይገቡም፤ ውሳኔው የገምጋሚዎች ነውና ማንም ሊገባው የሚችል ቃል አይደለም። ከድጋፉ የሚቆረጥ ዐሥር በመቶ ደግሞ በበጀት ውስጥ ቦታ የለውም፤ ድጋፍ ሰጪው እያንዳንዱን ወጪ በደረሰኝ ስለሚጠይቅ፣ በሪፖርቱ ጊዜ የሚጠየቁት ውሉን የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ከላይ የጠቀስኳቸው ፈንዶች በወኪል በኩል ማመልከት አይጠይቁም፤ ጥያቄ ላለው ሰውም በራሳቸው ኢሜይል ይመልሳሉ። ለዚያ ሰው ሊከፍሉት ያሰቡትን ገንዘብ ለአንድ ጥሩ ኤዲተር ለአንድ ሳምንት ሥራ ይክፈሉት፤ አምስቱን ደቂቃ ከአርባው ሰዓት ውስጥ አብረው ያውጡ፤ ማመልከቻውን ከዚያ በኋላ ይጀምሩ።